የጅሬኑ ቤትና ባለቤቱ፤ ዳግማዊ አባ ጅፋር

ከጅማ ከተማ መሐል ተነሥቶ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ዳገቱን የወጣ ሰው ጅሬን ይደርሳል። ከዚያ ሆኖ ወደ ታች ሲመለከት ከተማው፣ ሜዳው፣ የቡናው ጥላ ዛፍ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይታየዋል። ኮረብታው ላይ ደግሞ ፎቅና ምድር ያለው፣ በእንጨት በረንዳ የተከበበ፣ ጣሪያው ሰፊ የሆነ ትልቅ ቤት ቆሟል። በዚያው ግቢ መስጊድ አለ። አገሩ ሁሉ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይለዋል።

የመስጊዳችን ኮሚቴ ለዚህ መታሰቢያ መጽሔት ስለ አንድ ታሪካዊ ቤትና ስለ ቤቱ ባለቤት እንድጽፍ በጠየቀኝ ጊዜ ሌላ ቤት አልመጣልኝም። ምክንያቱም ስለ አባ ጅፋር በየለቅሶውና በየቡናው ብዙ ሲነገር እሰማለሁ፤ የሚነገረው ግን ዘወትር ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ ወገን ሰውዬው ብልህና ደግ ንጉሥ፣ አገራቸውን ከጦር ያዳኑ፣ ዲናቸውን ያከበሩ ናቸው ይላል። ሌላው ወገን ለምኒልክ ቀድመው የገቡ፣ ጎረቤቶቻቸውን በማስወጋት የተባበሩ፣ በባሪያ ንግድ የከበሩ ናቸው ይላል። ሁለቱ ወገኖች አንድ ቦታ ተቀምጠው ሲነጋገሩ ግን አላየሁም። በእኔ አስተያየት ሁለቱም የያዙት እውነት አላቸው፤ የጎደላቸው የሌላውን መስማት ነው። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ክርክሩን ለጊዜው እናቆየውና በቤቱ በር እንግባ። የማነሣቸው ዘመኖች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

አባ ጅፋር የሚለው የፈረስ ስም ነው። በጊቤ አገር መኳንንትና ነገሥታት በፈረሳቸው ስም መጠራታቸው የቆየ ልማድ ሲሆን፣ ይህን ስም ቀድሞ ያስጠሩት ከ1830 እስከ 1855 የነገሡት ቀዳማዊ አባ ጅፋር ናቸው። የጅማን መንግሥት መንግሥት ያደረጉትም እኒሁ ናቸው። በዚያን ጊዜ በጊቤ ወንዝ ዙሪያ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ፤ እነሱም ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ናቸው። ቀዳማዊ አባ ጅፋር እስልምናን ሲቀበሉ መንገዱን ያሳዩዋቸው ከሰሜን የመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው፤ በተለይም አብዱልሐኪም የሚባሉ የጎንደር ነጋዴ ስማቸው እስከ ዛሬ በጅማ ሰው አፍ ይነሣል። ከእሳቸው በኋላ አባ ረቡ፣ ቀጥሎም አባ ቦቃ ነገሡ። አባ ቦቃ የገዙት ከ1859 እስከ 1862 ብቻ ቢሆንም፣ በየአውራጃው መስጊድ እንዲሠራና ለዑለማዎች መሬት እንዲሰጥ ያደረጉ በመሆናቸው አጭር ዘመናቸው ረጅም ፍሬ አፍርቷል። ልጃቸው አባ ጎሞል እስከ 1878 ገዙ።

የእኛ ባለታሪክ የአባ ጎሞል ልጅ ናቸው። የተወለዱት በ1861 ነው። እናታቸው ገኔ ጉሚቲ ይባላሉ። አባታቸው ሲሞቱ ልጁ ገና የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣት ነበሩ፤ ዙፋኑም እሳቸው ዘንድ ደረሰ። ቁመታቸው እጅግ ረጅም ሆኖ ሁለት ሜትር ያህል ይደርስ ነበር ይባላል። ያዩዋቸው የውጭ አገር ሰዎችም በመልካቸውና በግርማቸው መገረማቸውን ጽፈዋል። ነገር ግን በ1878 የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በዙፋን ላይ ሲቀመጥ ቁመቱ ብዙ አይረዳውም ነበር። እናታቸው ከአጠገባቸው ባይኖሩ ኖሮ የጅማ ታሪክ ሌላ በሆነ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቱን ላስረዳ። ያን ጊዜ የጊቤን አገር ሁለት ኃይሎች ይመኙት ነበር። ከሰሜን በኩል ጎጃም፣ ከምሥራቅ በኩል ሸዋ። ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ፣ ወርቁና ይህ ሁሉ የሚያልፍበት የንግድ መንገድ። የጎጃም ጦር ቀድሞ ደርሶ ግብር መቀበል ጀምሮ ነበር። በ1882 ግን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እምባቦ ላይ ተዋግተው ድሉ የምኒልክ ሆነ። ከዚያ በኋላ በጊቤ ማዶ ላሉት ነገሥታት የቀረው ጥያቄ እንዴት ይገባሉ የሚል ብቻ ነበር። በራስ ጎበና ዳጬ የሚመራው ፈረሰኛ ጦር ደጃፍ ደርሷል። የጅማ ፈረሰኛ ብርቱ ቢሆንም ጠመንጃው ግን ያለው በሸዋ እጅ ነው።

ወጣቱ ንጉሥ በ1884 ሳይዋጉ ገቡ። ምክሩን የሰጡት እናታቸው ገኔ ጉሚቲ እንደሆኑ ይነገራል። ግብር በየዓመቱ ለመክፈል ተስማሙ፤ በምትኩ ጅማ በራሷ ንጉሥ፣ በራሷ ሹማምንትና በራሷ ሃይማኖት እንድትቀጥል ሆነ። ጦር አይሰፍርባትም፤ ሕዝቧ ለወታደር ገባር ሆኖ አይከፋፈልም። ይህ ነገር ዛሬ በወረቀት ሲነበብ ቀላል ይመስላል። ነገሩን የሚያውቀው ግን የዚያን ዘመን ጎረቤት ነው። የተዋጉት ነገሥታት ግዛታቸውን አጡ፤ ሕዝባቸውም ከነመሬቱ ለሰፋሪ ወታደር ተደለደለ። ጅማ ግን ወደ ሃምሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከዚህ ዕጣ ተረፈች። በሌላው የጊቤ አገር ቤተ መንግሥት ሲፈርስ በጅሬን ቤተ መንግሥት ይሠራ ነበር።

የጅሬኑን ቤት ማየት ያለብን በዚህ መሠረት ላይ ነው። ቤቱ የተሠራው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ ከግብሩ ስምምነት በተገኘው ሰላምና ሰላሙ ባመጣው ንግድ ነው። የእንጨት ሥራው የበረታ ነው። ምሰሶዎቹ፣ የበረንዳው መከላከያ፣ የመስኮቱና የበሩ ጌጥ ሁሉ ከእንጨት የተጠረበ ነው። ጅማ እስከ ዛሬ በእንጨት ጥርብ የታወቀች አገር መሆኗን፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር በርጩማዋ በየቤታችን መኖሩን አንባቢ ያስታውሳል። የቤቱ አሠራር ግን የአገሬው ብቻ አይደለም። ከባሕር ማዶ ከሚመጡ ነጋዴዎች የተወሰደ መልክም አለበት፤ በረንዳውና ፎቁ የዓረብንና የህንድን የወደብ ቤቶች ያስታውሳል። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። የጅማ ቡናና ዝባድ ወደ ባሕር ሲሄድ ጨርቁ፣ መስታወቱና የቤት አሠራሩ ዘዴ በዚያው መንገድ ይመለስ ነበርና።

ግቢው ግን የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ብቻ እንዳይመስለን። በ1950ዎቹ መጨረሻ ጅማ ተቀምጦ ሽማግሌዎችን የጠየቀው አሜሪካዊው ምሁር ኸርበርት ሉዊስ በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ጅማ መንግሥት አሠራር በሰፊው ጽፏል። የንጉሡ ግቢ መሰራ ይባላል። በውስጡና በዙሪያው የንጉሡ ሚስቶች፣ ዘበኞች፣ አስተርጓሚዎች፣ ሙዚቀኞች፣ ሸማኔዎች፣ ቀጥቃጮች፣ ምግብ ሠሪዎችና እስረኞች ይኖሩ ነበር። አገሩ ስድሳ ያህል አውራጃዎች ተብሎ ተከፍሎ፣ በየአውራጃው አባ ቆሮ የሚባል ሹም ተሹሞበት፣ ሁሉም ለጅሬን ይታዘዝ ነበር። በጠረፉ ዙሪያ ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ተከልሎ፣ መግቢያውና መውጫው በኬላ ይጠበቃል። ነጋዴ ያለ ኬላው ፈቃድ አይገባም፤ ሲገባ ግን ንብረቱ የተጠበቀ ነው። ንጉሡ በግቢያቸው ተቀምጠው ክስ ይሰሙ፣ ይፈርዱ ነበር። በፎቁ በረንዳ ፊት ያለውን ሰፊ ሜዳ ያየ ሰው ይህን ለመገመት አይቸግረውም፤ ሰዉ በታች ቆሞ፣ ንጉሡ በላይ ሆነው። ቤቱ የተሠራው ለመኖር ብቻ ሳይሆን ለመታየትም ነው።

ወደዚህ ግቢ የመጡ ብዙ መንገደኞች አሉ። ፈረንሳዊው ዡል ቦሬሊ በ1888 ጅሬን ደርሷል። ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪችም ከአድዋ ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲጓዝ በጅማ በኩል አልፏል። ለእነዚህ ሰዎች ጅሬን የመንገድ ማረፊያ ነበረች። የንጉሡ እንግዳ ተቀባይነትና የገበያው ብልጽግና በጉዞ መጻሕፍት ውስጥ ገብቶ እስከ አውሮፓ የተሰማው በእነሱ በኩል ነው።

ገበያው ሕርማታ ይባላል። ዛሬ የጅማ ከተማ የቆመችው በዚሁ የገበያ ስፍራ ላይ ነው። የነጋዴዎቹ ሰፈር ደግሞ መንደራ ይባል ነበር፤ ስሙ አሁንም አልጠፋም። ከጎንደር፣ ከወሎና ከሌላውም አገር የመጡ ጀበርቲዎች፣ አፍቀላ የሚባሉት የኦሮሞ ነጋዴዎች፣ ሐረሬዎችና ዓረቦች እዚያ ይገናኙ ነበር። አሞሌ ጨውና ማርትሬዛ ብር ባንድ ገበያ ይመነዘራል። ከነጋዴዎቹ ጋር ሸኾችና ደረሶች ይመጡ ነበር፤ አባ ጅፋርም ለዑለማዎች መሬት ይሰጡ፣ ያኖሯቸው ስለነበር ጅማ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የዒልም አገር ሆነች። ከሩቅ አገር ልጁን ኪታብ እንዲቀራ ወደ ጅማ የሚልክ አባት ብዙ ነበር። ከእኛም መካከል አያቱ በዚያ መንገድ ሄዶ የተመለሰለት አይጠፋም።

አሁን ግን ብዙ ጊዜ ዝም ብለን ወደምናልፈው ነገር እንምጣ። በሕርማታ ገበያ የሚሸጠው ቡናና ጨው ብቻ አልነበረም። ሰውም ይሸጥ ነበር። ጅማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ካሉት የባሪያ ገበያዎች ዋነኛዋ ነበረች። ከከፋ፣ ከዳውሮና ከሌላውም አገር የተያዙ ሰዎች፣ በተለይም ሴቶችና ልጆች፣ በጅማ በኩል ወደ ሰሜንና ወደ ባሕር ይነዱ ነበር። በግቢው ውስጥ እህል የሚፈጩት፣ ውሃ የሚቀዱት፣ እንጨት የሚሸከሙት ብዙዎቹ ባሮች ነበሩ። የንጉሡም ሀብት ከቀረጡ፣ ቀረጡም ከንግዱ፣ ንግዱም በከፊል ከዚህ የመጣ ነው። በአገሩ ደረጃ ባርነትን የሚገድብ አዋጅ የወጣው በ1924፣ ኢትዮጵያ በ1923 የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ ነው፤ ፈጽሞ የተከለከለው ደግሞ በ1942 ነው።

ይህን በመስጊድ መጽሔት ላይ መጻፍ ተገቢ አይደለም የሚል ወንድም ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ ቦታ የለውም እላለሁ። ነጋዴዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ክርስቲያን ነጋዴና ክርስቲያን ገዥም በዚሁ ንግድ ውስጥ መኖሩ የታወቀ ነው፤ ያ ግን የእኛን አያቶች ሒሳብ አይቀንስም። ባሪያን ነፃ ማውጣት በዲናችን ከታላላቅ በጎ ሥራዎች የሚቆጠር ሆኖ ሳለ፣ ሶላቱን ሰግዶ በዕለቱ ሰው ወደ ገበያ ያወጣ ነጋዴ ብዙ ነበር። ዘመኑ እንደዚያ ነበር ብሎ ማለፍ ይቻላል። የጅሬኑን በረንዳ ውበት ስናደንቅ ግን እንጨቱን ዳገት ላይ ያወጡትንም ማሰብ አለብን።

ሌላውም ክፍያ ይህን የሚመስል ነው። ጅማ ሳትዋጋ ብትገባም ከጦርነት ርቃ አልቀረችም። የምኒልክ ጦር በ1889 ወደ ዳውሮ፣ በ1894 ወደ ወላይታ፣ በ1897 ወደ ከፋ ሲዘምት የጅማ ሰው አብሮ ዘምቷል፤ አባ ጅፋርም ረድተዋል። ወላይታ ብዙ ሕዝብ አልቆባት ንጉሧ ካዎ ጦና ተማረኩ። የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት ከተደበቁ በኋላ ተይዘው በእስር ላይ ሳሉ በ1919 ሞቱ። አባ ጅፋር ለእነዚህ ሁሉ እንግዳ አልነበሩም። ከከፋ የመጣች ሚስት ነበረቻቸው፤ የሊሙ እናርያም ንጉሥ ልጅ የሆኑት ንግሥት ሊሚቲ ሚስታቸው ናቸው። ጋብቻው ጎረቤትን ለማስተሳሰር የተደረገ ሲሆን፣ ዘመቻው ያንኑ ጎረቤት አፈረሰ። እሳቸውም ቢሆኑ ፍጹም አላመለጡም፤ በምኒልክ ትእዛዝ ለአንድ ዓመት ያህል አንኮበር ታስረው ነበር። ተለቀው ወደ ጅሬን ሲመለሱ ቤቱም ግዛቱም ቆየላቸው።

ታዲያ ሰውዬው ሊያደርጉት ይችሉ የነበረው ሌላ ነገር ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ለራሴ ብዙ ጊዜ አቅርቤዋለሁ። ቢዋጉ ኖሮ ጅማ እንደ ጎረቤቶቿ ትሆን ነበር፤ በዚህ አልጠራጠርም። በ1884 የተደረገውን አልነቅፍም። የ1894ና የ1897ቱ ግን ሌላ ነው። መግባት አንድ ነገር ነው፤ የጎረቤትን በር ለመስበር አብሮ መሄድ ሌላ ነው። የጅማ ሽማግሌዎች ሲያስረዱ ከገቡ በኋላ እምቢ ማለት አይቻልም ነበር ይላሉ። የወላይታና የከፋ ሽማግሌዎች የሚሉት ሌላ ነው፤ መብታቸውም ነው።

ከጅሬኑ ቤት ሌላ አባ ጅፋር ያቆሙት ቤት አለ፤ እሱም በመካ ነው። ከጅማና ከአካባቢው ለሐጅ የሚሄዱ ሰዎች የሚያርፉበት ቤት በዚያች ቅድስት ከተማ አዘጋጅተው ነበር። በዚያን ዘመን ሐጅ ማለት ምን እንደነበር የዛሬ ወጣት ሊረዳው ይቸግረዋል። ከጅማ ተነሥቶ በእግርና በበቅሎ ወራት ተጉዞ፣ ቀይ ባሕር ደርሶ፣ በጀልባ ተሻግሮ፣ ጅዳ ወርዶ፣ ከዚያም ወደ መካ። ብዙ ሰው በመንገድ ይቀራል። የደረሰውም ቋንቋ አያውቅ፣ ዘመድ የለው፣ ስንቁም አልቆ ይሆናል። በዚህ ጊዜ የአገሩን ሰው የሚያገኝበት፣ በአፋን ኦሮሞ የሚያነጋግረው ሰው ያለበት ቤት ማግኘት ከወርቅ ይበልጥ ነበር። ንጉሡ ስንት ብር ለግብር ከፈሉ፣ ስንት ፈረስ ሰጡ የሚለውን ሰው ረስቶታል። የመካውን ቤት ግን ሽማግሌዎቻችን ዛሬም ያነሡታል።

በመስጊዱ ሐረም ዙሪያ የነበሩት የድሮ ሰፈሮች በ1955 ከተጀመረው ማስፋፋት ወዲህ በየጊዜው ፈርሰው ቦታው ሌላ መልክ ይዟል። የአባ ጅፋር ወቅፍ ጉዳይም በቤተሰቡና በአገሩ ሙስሊም መካከል በተደጋጋሚ የሚነሣ ሆኖ ቆይቷል። ወቅፍ የሆነ ነገር የሚሸጥ፣ የሚወረስ አይደለምና ነገሩ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ምኒልክ በ1913 ካረፉ በኋላም አባ ጅፋር ጅሬን ላይ ቆዩ። በኢያሱ ጊዜ፣ በዘውዲቱ ጊዜ፣ ኃይለ ሥላሴ እስኪነግሡ ድረስ። ሃምሳ ዓመት ያህል በአንድ ቤት ነግሠው መኖር በዚያ ዘመን እጅግ ብርቅ ነው። ነገር ግን ባለቤቱ አረጁ፤ ጤናቸውም ደከመ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሥራውን በአብዛኛው የሚሠሩት የልጅ ልጃቸው አባ ጆቢር ነበሩ። አዲስ አበባ ያለው መንግሥት ደግሞ አገሩን ሁሉ በአንድ ማዕከል ማስተዳደር የፈለገበት ጊዜ ሆኖ ነበርና፣ በራሷ ንጉሥ የምትተዳደር ጅማ ከእንግዲህ ቦታ አልነበራትም። በ1932 አባ ጅፋር አረፉ፤ የጅማም ራስ ገዝነት በዚያው ዓመት አበቃ። ስምምነቱ የተደረገው ከሰውየው ጋር እንጂ ከአገሩ ጋር ያልሆነ ያህል፣ ከእሳቸው ጋር ተቀበረ። አላህ ይዘንላቸው፤ መቃብራቸው እዚያው ጅሬን ነው።

አባ ጆቢር ታሰሩ። በ1936 ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ፈታቸውና የጅማ ሱልጣን አደረጋቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1941 ሲመለሱ ደግሞ እንደገና ታሰሩ። ጣሊያኖቹ ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛታቸው ዋና ከተማ አድርገው መንገድና የድንጋይ ቤት ሲሠሩባት፣ ሥልጣኑም ገበያውም ከኮረብታው ወርዶ ሜዳው ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጅሬን የሚወጣው ወይ ቤቱን ለማየት ነው፣ ወይ መቃብሩን ለመዘየር ነው።

የእንጨት ቤት ከሰው ጋር ይመሳሰላል፤ ነዋሪ ሲያጣ ይታመማል። በጅማ ዝናብ ደግሞ ሕመሙ ይፈጥናል። የዛሬ ብዙ ዓመት እኔ ራሴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሄድሁ ጊዜ ያየሁትን አልረሳም። ጣሪያው ያፈስስ ነበር። አንዳንዱ ምሰሶ ከሥሩ በልቶት ዘንብሏል፤ በሌላ እንጨት ተደግፎ ቆሟል። በፎቁ ላይ ስንራመድ አስጎብኚያችን ይህን ረግጣችሁ፣ ያንን ዝለሉ እያሉ እንደ ልጅ ይመሩን ነበር። በየክፍሉ ዕቃ አልነበረም። የንጉሡ ዕቃ፣ መቀመጫቸውና ሌላውም፣ ለጥበቃ ሲባል በከተማው ሙዚየም ተቀምጦ፣ ቤቱ በኮረብታ፣ ዕቃው በሜዳ ሆነው ለብዙ ዓመታት ተለያይተው ኖረዋል። ከዚያ ወርጄ ሙዚየሙን ሳይ፣ ወንበሩ ከክፍሉ ተነጥሎ በመስታወት ጀርባ ተቀምጦ ሳይ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከባዶው ቤት ይልቅ ያ ወንበር አሳዘነኝ።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ቤቱ ሰፊ እድሳት ተደርጎለታል። ይህ የሚያስደስት ነው። የአባ ጅፋርን ስም የማያውቅ ልጅም እንኳ በእግር ኳስ ያውቀዋል፤ በስማቸው የተጠራው የጅማ ቡድን በ2018 የአገሪቱን ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ወስዷል። ቤቱ ሲታደስ ግን ጎብኚ ስለ ምን እንደሚነገረው ማሰብ ይገባል። በረንዳውን፣ ፎቁን፣ የንጉሡን ቁመት ማሳየት ቀላል ነው። እኔ ብጠየቅ ሦስት ነገር እንዲጨመር እለምን ነበር። አንደኛ፣ የገኔ ጉሚቲ ስም በጉልህ ይነሣ፤ ይህ ቤት የቆመው በእሳቸው ምክር ነውና። ሁለተኛ፣ በታችኛው ክፍል ስለ ሕርማታ ገበያ ሲነገር በዚያ የተሸጡት ሰዎች አይታለፉ። ሦስተኛ፣ ከግቢው መስጊድ አጠገብ ስለ መካው ቤት ይነገር፤ ሐጃጁ ከዚህ ተነሥቶ እዚያ የሚያርፍ ነበርና ሁለቱ ቤቶች የአንድ መንገድ ሁለት ጫፎች ናቸው።

ባለፈው ጊዜ ጅሬን የወጣሁት በዝናብ ማግስት ነበር። መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪናው ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ። ከግቢው ስንደርስ ከታች ከከተማው የዙህር አዛን ይሰማ ነበር፤ አንዱ መስጊድ ሲጨርስ ሌላው እየተቀበለ። አብረውኝ የሄዱት አንድ ሽማግሌ በረንዳውን ተደግፈው ቁጥሩን ለመያዝ ሞከሩ፤ ሰባት ላይ ሲደርሱ ተምታታባቸውና ተዉት። ከዚያ ወርደን ውዱእ የምናደርግበት ውሃ ፍለጋ ሄድን።